ስለ ካሜራና ስለ ስታዲዮም በር

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ የታሪክ ጽሑፍ

የስታዲዮም መግቢያ ቲኬት ሁለት ገጽ አለው። በፊት ለፊቱ የጨዋታው ቀንና ሰዓት፣ የመቀመጫው ቁጥርና ዋጋው ታትሞ ይገኛል፤ ይህን የማያነብ ተመልካች የለም። በጀርባው ግን ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል የታተመ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ይህን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደ ተባለው በሬ፣ ተመልካቹ የመቀመጫውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይሄዳል። በሩ ላይ ደርሶ ዘበኛው ከአንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ካሜራ እያመለከተ «ይህ አይገባም» ሲለው ግን ይደነግጣል። «ገንዘቤን ከፍዬ፣ በገዛ ካሜራዬ፣ በዓይኔ የማየውን ባነሣ ማንን እጐዳለሁ?» እያለም ይከራከራል።

ክቡራን መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቼም ሆይ! ይህ ክርክር ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው፣ «ሁሉ ያየው ነገር የማን ነው? የአንድ ቀንን መታሰቢያ የመያዝ መብትስ ለማን ይገባል?» ወደሚል ታላቅ ጥያቄ ያደርሰናል። ስለዚህ ካሜራን ወደ ስታዲዮም ይዞ ስለ መግባት የወጡት ደንቦች ከየት እንደ መጡ፣ ምን ምን ምክንያት እንዳላቸውና የትኞቹ የተገቡ እንደ ሆኑ ባጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ጊዜ እንመልከት። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ የፎቶግራፍ ጥበቡ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ሲገለጽ፣ ካሜራ ስለ ስፖርት ምንም ሊናገር የማይችል መሣሪያ ነበር። አንድ ሥዕል ለመቅረጽ ብዙ ደቂቃ ያስፈልግ ነበርና የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ከሥዕሉ ይጠፋል። ዳጌር በ1838 ገደማ ከመስኮት ሆኖ ያነሣው የአንድ የፓሪስ ጐዳና ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ጐዳናው ሰውና ሠረገላ የሚመላለስበት ሲሆን፣ በፎቶግራፉ ላይ ጐልቶ የሚታየው ጫማውን ሊያስጠርግ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሰው ነው። የተራመደው ሁሉ ጠፍቶ የቆመው ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሯጭን ወይም ኳስ ተጫዋችን ሊያነሣ ስለማይችል፣ በሜዳ በር ላይ የሚከለክለው ሰው አላስፈለገም።

ነገሩን የለወጠው የካሜራው ማነስና መርከስ ነው። ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ በ1888 ኮዳክ የተባለውን የእጅ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ገዢው 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጥቅል ፊልም በውስጡ ያገኛል፤ አንሥቶ ሲጨርስም ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ የማጠቡንና የማተሙን ሥራ ፋብሪካው ይፈጽምለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በአንድ ዶላር ይሸጥ ጀመር። በ1925 ላይካ የተባለው፣ በኮት ኪስ የሚገባና ፈጣን የሆነ የጀርመን ካሜራ ለገበያ ወጣ። እንግዲህ በ90 ዓመት ጊዜ ውስጥ ካሜራ ከሊቃውንት ክፍል ወጥቶ በተራው ሰው ኪስ ገባ። ተራው ሰውም ወደ ስታዲዮም በሄደ ጊዜ አብሮት ሄደ።

በዚያው ዘመን ጋዜጦችና መጽሔቶች ፎቶግራፍ ማተም ጀምረው ነበር። ሕዝቡ የጨዋታውን ውጤት ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማየት ስለ ፈለገ ፎቶግራፍ ዋጋ አወጣ። ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ገዢና ሻጭ አለውና፣ የውድድር አዘጋጆች ከመግቢያ ቲኬት ሌላ አንድ የሚሸጥ ነገር እንዳላቸው ተረዱ። ይኸውም ፎቶግራፍ የማንሣት ብቸኛ መብት ነው። መብቱን የገዛው ድርጅት ደግሞ «ገንዘቤን የከፈልሁት ለብቻዬ ላነሣ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚያነሣ ከሆነ ምን ገዛሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የካሜራ ክልከላ ሥር ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩ በፍርድ ቤት ተመርምሮ ከታወቁት ውሳኔዎች አንዱ የተሰጠው ግን ስለ ኳስ ጨዋታ ሳይሆን ስለ ውሻ ትርኢት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር የሴቶች የውሻ ወዳጆች ማኅበር ትርኢት አዘጋጀ። በትርኢቱ ላይ ፎቶግራፍ የማንሣቱን ብቸኛ መብትም ስፖርትስ ኤንድ ጄኔራል ለተባለ የፎቶግራፍ ድርጅት ሸጠ። ይሁን እንጂ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ገብቶ ውሾቹን አነሣ፤ ሥዕሎቹም አወር ዶግስ በተባለው መጽሔት ሊታተሙ ሆነ። መብቱን የገዛው ድርጅት ከሰሰ። ጉዳዩ በ1916 በመጀመሪያው ዳኛ፣ በ1917 ደግሞ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ታየ፤ በሁለቱም ከሳሹ ተረታ።

የፍርዱ ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ማኅበሩ የውሾቹን መታየት እንደ ቤትና እንደ መሬት ሀብቱ አድርጎ ሊሸጠው አይችልም፤ በዓይን የሚታይ ነገር የማንም ርስት አይደለምና። ማኅበሩ ያለው ሥልጣን ሰዎችን በበሩ የማስገባትና ያለማስገባት ሥልጣን ነው። በዚህ ሥልጣኑ ተጠቅሞ «ካሜራ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ከገቢዎቹ ጋር ውል ቢዋዋል ኖሮ ያ ውል በጸና ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አልለጠፈም፤ በቲኬቱም ላይ አልጻፈም። ስለዚህ የገባው ሰው ያፈረሰው ውል አልነበረም።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የስታዲዮሙ ባለቤት የእይታው ባለቤት አይደለም፤ የበሩ ባለቤት ነው። ሁለተኛ፣ ኃይሉ ሁሉ የሚመነጨው ከውሉ ነው፤ ውሉም የሚገኘው በቲኬቱና በበሩ ማስታወቂያ ላይ ነው። ቲኬት የገዛ ሰው፣ ባያነበውም እንኳ፣ ውል ተዋውሏል። ያ ማንም የማያነበው ደቃቅ ፊደል እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ6 ዓመት በኋላ በለንደን የሆነው ነገር በሩ ራሱ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ያሳያል። በሚያዝያ 28 ቀን 1923 በአዲሱ የዌምብሌ ስታዲዮም የእንግሊዝ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ በቦልተንና በዌስት ሃም መካከል ተደረገ። ጨዋታውን በፊልም የማንሣት ብቸኛው መብት ቶፒካል በጀት ለተባለው የዜና ፊልም ድርጅት ተሽጦ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ግን ካሜራቸውን ሠውረው ገቡ። በዚያ ቀን በይፋ የተመዘገበው የተመልካች ቁጥር 126,047 ሲሆን፣ በአጥርና በበር ጥሶ የገባው ሕዝብ ተጨምሮ ከ200,000 በላይ እንደ ነበር ይገመታል። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶት ጨዋታው ሊጀመር ስላልቻለ ፖሊሶች በፈረስ እየገፉ ሜዳውን አስለቀቁ። ከነዚህም መካከል ቢሊ የተባለው ነጭ ፈረስ በፊልሙና በፎቶግራፉ ምክንያት ከተጫዋቾቹ የበለጠ ዝነኛ ሆነ። ቦልተን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሰውን መቁጠር ያቃተው በር በሰዎች ኮት ሥር ያለውን ካሜራ ሊቈጥር አይችልም ነበር።

በ1928 በአምስተርዳም በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድርም እንዲሁ ፎቶግራፍ የማንሣቱ መብት ለዚሁ ጉዳይ ተባብረው ለቆሙ የሆላንድ የፎቶግራፍ ድርጅቶች ብቻ ተሰጠ። ብቸኛ መብት ለአንዱ ከተሰጠ ሌላው ሁሉ መከልከሉ ግድ ነው። እንግዲህ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የክልከላው ሐሳብ ሙሉ ሆኖ ተቀርጾ ነበር ማለት ነው፤ መጀመሪያ ለፎቶግራፍ፣ ቀጥሎ ለፊልም፣ ኋላም ለራዲዮንና ለቴሌቪዥን እየሰፋ ሄደ።

ነገር ግን ደንቡ ከበሩ የሚመነጭ ከሆነ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ሰውስ ምን ይሆናል? ይህንን ጥያቄ የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1937 መልሶታል። በሲድኒ ከተማ ቪክቶሪያ ፓርክ ከሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ ቴይለር የሚባል ሰው ቤት ነበረው። ይህ ሰው በግቢው ውስጥ ከፍ ያለ የእንጨት ማማ እንዲሠራ ፈቀደ፤ የራዲዮን ተናጋሪውም ከማማው ላይ ሆኖ በአጥር ማዶ የሚሮጡትን ፈረሶች እያየ ውጤቱን ያሰራጭ ጀመር። የሜዳው ባለቤት «ሰው በቤቱ ተቀምጦ እየሰማ ቲኬት አልገዛ አለኝ» ብሎ ከሰሰ። ዳኞቹ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለጎረቤቱ ፈረዱ። የሚታይ ትርኢት ሀብት ስላይደለ፣ ሜዳዬ አይታይብኝ የሚል አጥሩን ከፍ ያድርግ የሚል ነው የፍርዱ መንፈስ። ጎረቤቱ በበሩ አልገባም፤ ስለዚህም ምንም ውል አላፈረሰም።

ይህ የበርና የጐዳና ልዩነት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በጣም ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለው። በመስከረም 10 ቀን 1960 በሮማ የኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ አሸነፈ። የዚያ ውድድር መነሻም ሆነ መድረሻ ስታዲዮም አልነበረም። ከካፒቶል ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፣ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ አልፎ፣ ሌሊት በችቦ ብርሃን በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ተፈጸመ። በጐዳናው ዳር የቆመው የሮማ ሰው ቲኬት አልገዛም፤ ካሜራ ቢኖረው ለማንሣት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ግን፣ በጥቅምት 21 ቀን 1964፣ አበበ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሮጦ የተቀበለው ቲኬት የገዛ ሕዝብ የሞላበት ስታዲዮም ነው። ከድሉ በኋላ በሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በመደነቅ ተመልክቶታል።

የቶኪዮውን ውድድር ኮን ኢቺካዋ የተባለው ጃፓናዊ የፊልም አዘጋጅ ቀርጾ በ1965 ለዓለም አሳይቷል። በፊልሙ ውስጥ የአበበ ፊት በቅርብ ይታያል፤ ያየው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚረሳው አይመስለኝም። ያን ፊልም ዛሬ የሚጠብቀው ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። ጥበቃው መልካም ነው፤ ፊልሙ ሳይበላሽ ለእኛ ዘመን ደርሷልና። ነገር ግን ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። በበሩ ውስጥ የተቀረጸ መታሰቢያ ባለቤት አለው፤ የጀግናው አገር ሰዎች እንኳ በመጽሐፍ ሊያትሙት ወይም በአደባባይ ሊያሳዩት ሲፈልጉ ባለቤቱን ማስፈቀድ አለባቸው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድርጅቶችና ስለ አዘጋጆች መብት ነው። አሁን ደግሞ ተመልካቹ ካሜራውን ይዞ በመግባቱ ታሪክ ምን እንዳገኘ እንመርምር። ይህ ክፍል የነገሩ ዋና ፍሬ ይመስለኛል።

በጥቅምት 1 ቀን 1932 በቺካጎ ከተማ በሪግሊ ሜዳ የአሜሪካ ቤዝቦል ታላቅ ግጥሚያ ተደረገ። ቤብ ሩዝ የተባለው ዝነኛ ተጫዋች ኳሱን ከመምታቱ በፊት በእጁ ወደ ፊት አመለከተ፤ ቀጥሎም ኳሱን መትቶ ከሜዳው ውጭ ወደ ተመልካቹ ላከው። አንዳንዱ «ኳሱን የሚልክበትን ቦታ አስቀድሞ ማመልከቱ ነው» አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ለሚሰድቡት ተቃዋሚዎቹ መልስ መስጠቱ ነው» አለ። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ሲያያዝ ኖረ። ከተመልካቾቹ መካከል ማት ካንድል የተባለ ሰው የቤት ፊልም ማንሻውን ይዞ ገብቶ ነበር፤ ያን ደቂቃ ቀረጸው። ፊልሙ ለብዙ ዘመን የቤተሰብ ዕቃ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ። ሌላ ተመልካች ያነሣው ሁለተኛ ፊልምም ኋላ ተገኘ። ፊልሞቹ ክርክሩን ፈጽመው አልዘጉትም፤ ነገር ግን የሩዝ እጅ በእርግጥ እንደ ተነሣ አሳይተዋል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» እንደሚባለው፣ ለልብ ፍርድ የሚሆነውን ዓይን ያቈየው ተራው ተመልካች ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም የበለጠ ነው። በጥቅምት 18 ቀን 1968 በሜክሲኮ ከተማ የኦሊምፒክ ውድድር ቦብ ቢመን የተባለው አሜሪካዊ በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ሴንቲሜትር ዘለለ። ከዚያ በፊት የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን 8 ሜትር ከ35 ነበርና በአንድ ዝላይ 55 ሴንቲሜትር ጨመረበት። ለመለኪያ የተዘጋጀው መሣሪያ እስከዚያ ስለማይደርስ ዳኞቹ የብረት ሜትር አስመጥተው ለኩት። ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1991 ድረስ ማንም አልሰበረውም። ቢመን በአየር ላይ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚታይበትን ዝነኛ ፎቶግራፍ ካነሡት አንዱ ቶኒ ደፊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ደፊ ያን ጊዜ ኑሮው በሒሳብ ሥራ የሆነ፣ ለዕረፍት ወደ ሜክሲኮ የሄደና ከሕዝብ መካከል የተቀመጠ ተመልካች ነበር። ኋላም ኦልስፖርት የተባለውን ታላቅ የስፖርት ፎቶግራፍ ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ያን ቀን በር ላይ ካሜራውን ተቀብለውት ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም አንድ ታላቅ ሥዕል፣ የፎቶግራፍ ሙያም አንድ ታላቅ ሠራተኛ ባጣ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ዘመን እንምጣ። ዛሬ ካሜራ በስልክ ውስጥ ስለ ገባ፣ ካሜራን ፈጽሞ መከልከል ማለት ስታዲዮሙን ባዶ ማድረግ ማለት ነው። ስለዚህ ደንቦቹ «አታግባ» ከማለት «በዚህ መጠን አግባ፣ ለዚህ ጉዳይ ተጠቀም» ወደ ማለት ተለውጠዋል። ምክንያታቸውን በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምክንያት ንግድ ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር ለ2010 የደቡብ አፍሪካና ለ2014 የብራዚል የዓለም ዋንጫ ያወጣው የስታዲዮም ደንብ፣ ለግል መጠቀሚያ ካልሆነ በቀር ካሜራን ይከለክል ነበር፤ ለዚያውም ከአንድ ቅያሪ ባትሪ በላይ መያዝ አይፈቀድም። የፊልምና የድምፅ መቅረጫ መሣሪያም እንዳይገባ አዝዟል። ባትሪው ለምን ተቈጠረ ቢባል፣ ለመታሰቢያ የሚያነሣ ሰው አንድ ቅያሪ ይበቃዋልና ብዙ ባትሪ የያዘ ሰው ለሥራ እንደ መጣ ስለሚያስጠረጥር ይመስለኛል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የቲኬት ውል ደግሞ ተመልካቹ ያነሣውን ሥዕል ለግልና ለቤቱ ብቻ እንዲጠቀምበት፣ የቀረጸውን ፊልምና ድምፅ ግን በኢንተርኔት ጭምር እንዳያሰራጭ ያስገድድ ነበር። የቴሌቪዥን ድርጅቶች ለብቸኛ መብት እጅግ ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የ1917ቱ ክርክር በሌላ ልብስ መመለሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። በሚያዝያ 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ በዚያው ዓመት ተመልካቾች በውጭ በኩል ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ብቻ እንዲይዙ ደነገገ፤ የካሜራ ቦርሳም ከተከለከሉት ውስጥ ነበር። ካሜራው ሳይሆን የካሜራው ከረጢት መጠርጠሩን ልብ በሉ። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2014 ከ150 በ100 ሚሊሜትር የሚበልጡ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ወደ ሜዳው እንዳይገቡ የከለከለውም ስለ ደኅንነት ብሎ ነው። ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያም በጠባብ መተላለፊያ ላይ ከተተከለ፣ በችግር ጊዜ የሚሮጠውን ሕዝብ እንደ ወጥመድ ያሰናክላል።

ሦስተኛው ምክንያት የጎረቤትና የተጫዋች ሰላም ነው። በ2015 መጀመሪያ አርሴናልና ቶተንሃም የሰልፊ ዘንግን ከሜዳቸው ከለከሉ፤ በዚያው ዓመት የዊምብልደን የቴኒስ ውድድርም እንዲሁ አደረገ። በፊቱ የተቀመጠው ሰው ዘንግ ያነሣበት ተመልካች ገንዘቡን የከፈለው የሰው ዘንግ ለማየት አይደለም። ዊምብልደን ከ300 ሚሊሜትር የሚበልጥ ሌንስም አያስገባም። የፍላሽ ብልጭታ ደግሞ በብዙ ውድድሮች የተከለከለ ነው። ቴኒስ የሚጫወት ወይም በጠባብ እንጨት ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚገለበጥ ስፖርተኛ በብልጭታ ዓይኑ ቢታወር ውድድሩን ብቻ ሳይሆን አካሉንም ሊያጣ ይችላልና።

አራተኛው ምክንያት የሰው ክብር ነው። በኅዳር 2020 የጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከሌሎች የስፖርት ማኅበራት ጋር ሆኖ፣ ሴት ስፖርተኞችን በነውር ዓይን እያነሡ በኢንተርኔት የሚበትኑ ሰዎችን የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ። ሯጯ ወደ ሜዳ የወጣችው ልትሮጥ ነው፤ ሰውነቷ የማንም መጫወቻ እንዲሆን አይደለም። የዚህ ዓይነቱን ክልከላ ነጋዴ ያወጣው ነው ብሎ የሚነቅፍ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

እንግዲህ ፍርዱን እንስጥ። አንዳንድ ሰዎች «ከፍሎ የገባ ሰው ሁሉንም የማንሣት መብት አለው» ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ የከፈለው ለመቀመጫው እንጂ በጎረቤቱ ራስ ላይ ዘንግ ለማንሣት፣ ወይም የሌላውን የተገዛ መብት ለመሸጥ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «የሜዳው ባለቤት ያሻውን ይከልክል» ይላሉ። ይህም ልክ አይደለም። ሕግ ለበሩ ባለቤት ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ሥልጣን ያለው ሁሉ በሥልጣኑ እስከ ጫፍ ድረስ መጠቀም አለበት ማለት አይደለም። የሕዝብ ጭብጨባ የሌለበት ጨዋታ በቴሌቪዥንም ቢታይ ውበቱ ይጐድላል፤ ሕዝቡ የትርኢቱ እኩል አካል ነው። ለትርኢቱ ድምፁን የሰጠ ሕዝብ ለልጆቹ የሚያሳየው አንዲት ሥዕል ይዞ ቢሄድ አይበዛበትም።

ስለዚህ በበኩሌ የተገባ የምለው ደንብ ይህ ነው። አደጋ የሚያመጣውን፣ የሌላውን እይታ የሚጋርደውን፣ ተጫዋቹን የሚያሰናክለውንና ክብሩን የሚነካውን ያለ ምሕረት ይከልክል። ለንግድ የሚያነሣውን ፈቃድ ያስወጣው። ለመታሰቢያ የሚያነሣውን ግን ይተወው። ከሁሉ በላይ ደንቡ በደቃቅ ፊደል በቲኬት ጀርባ ተደብቆ መቅረት የለበትም፤ በበሩ ላይ፣ ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በትልቁ ይጻፍ። ሳይታወቅ የሚያስር ውል ወጥመድ ይባላል እንጂ ደንብ አይባልም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ እኛንም ስለሚነካን ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ የልጆች ጨዋታ ሳይሆን በሕግም ቦታ ያለው ሥራ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ይባል በነበረው ሜዳ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይፋው ፎቶግራፍ ይህን ያሳየናል። ነገር ግን ያን ቀን በሕዝቡ መካከል ምን ዓይነት ፊት ይታይ ነበር? አራተኛው ጎል ሲገባ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወዴት ወረወሩ? ይህን ሊነግረን የሚችለው ከሕዝቡ መካከል የተነሣ ሥዕል ነው። ያን ቀን 18 ዓመት የሞላው ወጣት፣ ማለት አሁን የእኔ እኩያ የነበረው፣ ዛሬ 80 ዓመቱን አልፏል። በሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠው ፎቶግራፍ ቢኖር የሚያነሣለትና የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ሁለት ነገር እንድናደርግ አደራ እላለሁ። ወደ ስታዲዮም ስንሄድ የቲኬቱን ጀርባ እንደ ፊቱ አድርገን እናንብብ፤ በሩ ላይ ከመከራከር ቤት ሆኖ ማወቅ ይሻላል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ከጨዋታው ስንመለስ ደግሞ ወደ አያቶቻችን ዘንድ ሄደን የቆዩ ፎቶግራፎቻቸውን እንዲያሳዩን እንለምናቸው፤ ከጀርባቸውም የሰዎቹን ስምና ቀኑን በእርሳስ እንጻፍባቸው። ቀንና ስም የሌለው ፎቶግራፍ፣ የያዘው ሰው ባለፈ ጊዜ፣ ማንነቱ የማይታወቅ እንግዳ ይሆናልና።